ኪንግስ ዶሚኒየን፣ ቡሽ ጋርደንስ ወይስ ኸርሺ ፓርክ? አዋቂውም የሚደሰትበትን መምረጥ

ትምህርት ቤት ሊዘጋ ጥቂት ሳምንት ሲቀረው ቤታችን ውስጥ አንድ ጥያቄ ይነሳል። «ዘንድሮ የት ነው የምንሄደው?» ዲሲ፣ ሜሪላንድና ሰሜን ቨርጂኒያ ለምንኖር ሰዎች ድሮ መልሱ ቅርብ ነበር። ሲክስ ፍላግስ አሜሪካ የሚባለው የመዝናኛ ፓርክ እዚሁ ሜሪላንድ ውስጥ ስለነበረ ቁርስ በልቶ ተነስቶም ይደረስበት ነበር። እሱ ኖቬምበር 2 ቀን 2025 ለመጨረሻ ጊዜ ሰርቶ ተዘጋ። አሁን በመኪና ሄዶ በአንድ ቀን ለመመለስ ከሚሞከሩት ትልልቅ ፓርኮች እኔ ደጋግሜ የሄድኩባቸው ሦስት ናቸው። ቨርጂኒያ ውስጥ ኪንግስ ዶሚኒየንና ቡሽ ጋርደንስ፣ ፔንሲልቬንያ ውስጥ ደግሞ ኸርሺ ፓርክ።

ስለ ፓርክ ሲወራ ብዙውን ጊዜ የሚወራው ስለ ልጆች ነው። እኔ የምጽፈው ስለ አዋቂው ነው። ገንዘቡን ስለሚከፍለው፣ መኪናውን ስለሚነዳው፣ ፀሐይ ላይ ስለሚሰለፈው ሰው። እኛ አበሾች ደግሞ አንድ ልማድ አለን። እስከ ፓርኩ በር ድረስ ሁሉን ነገር አሟልተን እናዘጋጃለን፣ ከገባን በኋላ ግን አግዳሚ ወንበር ይዘን ቦርሳ እንጠብቃለን። «እናንተ ተጫወቱ፣ እኔ እዚሁ አለሁ።» እኔም ለአራት ዓመት እንዲሁ አደረግሁ። አንድ ቀን ሴቷ ልጄ እጄን ይዛ «እማ፣ አንቺም ነይ» አለችኝ። ተሳፈርኩ። ስንወርድ የኔ ጉሮሮ በጩኸት ደርቋል፣ እሷ ሳቋን መያዝ አቅቷታል፣ እና ስለዚያች ሁለት ደቂቃ እያወራን ነው ቤት የገባነው። ከዚያ ወዲህ ፓርክ ስመርጥ የምጠይቀው ተቀየረ። ልጆቹ የቱን ይወዳሉ ከማለቴ በፊት፣ እኔና ባለቤቴ፣ እናቴም ካለች እናቴ፣ እዚያ ሙሉ ቀን ምን እናደርጋለን እላለሁ። ልጅ የትም ቢወስዱት መጫወቻ አያጣም። አዋቂው ሲሰለቸውና እግሩ ሲያብጥ ግን ከሰዓት በኋላው ለሁሉም ይበላሻል።

ከምርጫው በፊት አንድ ነገር አድርጉ። ልጆቹን ለኩ። የምሬን ነው፣ ሜትር ካጣችሁ የበሩ መቃን ላይ በእርሳስ ምልክት አድርጋችሁ በልብስ ሰፊ ሜትርም ቢሆን። ቁጥሩ በኢንች ነው የሚሰራው። ትልልቆቹ ሮለር ኮስተሮች ባብዛኛው 48 ወይም 54 ኢንች ይጠይቃሉ፣ መካከለኞቹ 42 አካባቢ፣ ለትንንሾች ከተሠሩት ብዙዎቹ ደግሞ ከ36 ይጀምራሉ። አንድ ጁላይ ላይ ይህን ሳላጣራ ሄጄ ወንዱ ልጄ ሃምሳ ደቂቃ ከተሰለፈ በኋላ በአንድ ጣት ስፋት ጎድሎ ተመለሰ። አለቀሰ። ጥፋቱ የኔ ነበር፣ ቁጥሩ ፓርኩ ድረ ገጽ ላይ ተጽፎ ነበር። በዚያው ቀን ስምንት ሰው ተያይዘን ከአንዱ ጫፍ ወደ ሌላው ስንሄድ ውለን፣ የእናቴ እግር አብጦ፣ አመሻሽ ላይ ነጎድጓድ መጥቶ መጫወቻው ሁሉ ቆመ። መብረቅ ሲኖር ከቤት ውጭ ያሉትን ያቆሟቸዋል፣ ገንዘብም ብዙ ጊዜ አይመለስም። እዚህ አካባቢ የበጋ ዝናብ ከሰዓት በኋላ መምጣት ስለሚወድ የምትጓጉለትን ነገር ጠዋት ጨርሱ።

ኪንግስ ዶሚኒየን

ቅርቡ ይሄ ነው። ዶስዌል ቨርጂኒያ፣ ከዲሲ 75 ማይል ያህል፣ ከ95 አውራ ጎዳና ሲወጡ ወዲያው። መንገዱ ቀላል ይመስላል ግን ፍሬድሪክስበርግ አካባቢ ያለውን መጨናነቅ የማያውቅ የለም። ቅዳሜ ከሆነ በሐበሻ ሰዓት ከጠዋቱ 1 ሰዓት ተኩል ሳይሞላ ከቤት ውጡ፣ አለበለዚያ አንድ ሰዓት ከሩብ የሚፈጀው መንገድ ሁለት ሰዓት ተኩል ይሆናል።

ፓርኩ የተከፈተው በ1975 ነው። ይህን የምመርጠው አዋቂው ራሱ ሮለር ኮስተር ሲወድ ወይም ልጆቹ አሥራዎቹ ውስጥ ሲገቡ ነው። ፓንተሪያን የሚባለው (ድሮ ኢንቲሚዴተር 305 ነበር ስሙ) 305 ጫማ ከፍታ አለው፣ ወደ 93 ሜትር መሆኑ ነው፣ ፍጥነቱ በሰዓት 90 ማይል ይደርሳል። ከመጀመሪያው ቁልቁለት ቀጥሎ ያለው መታጠፊያ ላይ ሰውነት ወደ ወንበሩ ተጭኖ ለቅጽበት ዓይን ጭልም ሊል ይችላል። ያንን የሚወድ ሰው በጣም ይወደዋል። ባለቤቴ ሁለት ጊዜ ተሰልፎበታል። እኔ አንድ ጊዜ በቃኝ፣ ከዚያ ይልቅ ትዊስትድ ቲምበርስ ይሻለኛል። በድሮ የእንጨት ሮለር ኮስተር ላይ የብረት ሐዲድ ገጥመው በ2018 የከፈቱት ነው፣ ከወንበር ብድግ ብድግ ያደርጋል እንጂ አያደነዝዝም።

ሌላው ትልቅ ጥቅሙ የውሃ መጫወቻው ነው። ሶክ ሲቲ ይባላል፣ በዚያው ትኬት ትገቡበታላችሁ። ለትንንሾች ስኑፒና ጓደኞቹ ያሉበት ሰፊ ክፍል አለ። መሐል ላይ የፓሪሱን ኤፍል ታወር በአንድ ሦስተኛ አሳንሰው የሠሩት ግንብ ቆሟል፣ በአሳንሰር ወጥቶ አካባቢውን ማየት ይቻላል፣ ለእናቴ ከፓርኩ ውስጥ የተመቻት እሱ ነበር። ግን እውነቱን ልናገር፣ ሸምገል ያለ ሰው ይዛችሁ ከሆነ ከሦስቱ ይሄኛው መጨረሻ ነው። ዋናው ነገሩ ፍጥነት ነው፣ ፍጥነት የማይፈልግ ሰው ቶሎ ይጨርሰዋል።

ቡሽ ጋርደንስ

ለአዋቂ ብቻ ምረጪ ብትሉኝ ዓይኔን አላሽም። ይሄኛው ነው።

ዊሊያምስበርግ ቨርጂኒያ ነው ያለው፣ ከዲሲ 150 ማይል ያህል። እሱም በ1975 ነው የተከፈተው። ፓርኩ እንደ አውሮፓ አገሮች በመንደር በመንደር የተከፋፈለ ነው። እንግሊዝ፣ ስኮትላንድ፣ አየርላንድ፣ ፈረንሳይ፣ ጀርመን፣ ጣልያን እያላችሁ ትሻገራላችሁ። ዛፉ ብዙ ነው፣ ጥላ አለ፣ መሐሉን ወንዝ ያቋርጠዋል። አንዱ መንደር ሲያልቅ ድልድይ ትሻገሩና ሙዚቃውም፣ የምግቡ ሽታም፣ የቤቱ አሠራርም ይቀየራል። አሜሪካ ውስጥ ካሉት ሁሉ ውብ ፓርክ እየተባለ በየዓመቱ በመዝናኛ ፓርክ ወዳጆች ማኅበር ሲመረጥ ከ1990 ጀምሮ ማንም አልቀደመውም። የገባሁበት ቀን ይህን አላውቅም ነበር፣ ግን ገና ከበሩ ትከሻዬ ሲወርድ ተሰማኝ።

የሚሳፈር ባይኖር እንኳ ሙሉ ቀን ይውላል። ፓርኩን የሚዞር ባቡር አለ፣ በሽቦ ላይ የሚሄድ መቀመጫ ከላይ ሆኖ ከመንደር መንደር ያሻግራል፣ ወንዙ ላይ በጀልባ ቀስ ብሎ መሄድ አለ፣ አዳራሽ ውስጥ ተቀምጠው የሚያዩት ሙዚቃና ጭፈራ አለ። ሙቀቱ ሲበረታ እነዚህ አዳራሾች ያድናሉ፣ ቀዝቃዛ ናቸው። ልጆቹ አባታቸውን ይዘው ይሄዳሉ፣ እኔና እናቴ ባቡሩን ይዘን ሌላኛው ጣቢያ እንጠብቃቸዋለን፣ ማንም ማንንም አይጎትትም።

ሮለር ኮስተሩም አያሳፍርም። ግሪፈን የሚባለው ከ2007 ጀምሮ ያለ ነው፣ 205 ጫማ ላይ ያወጣችሁና አፋፉ ላይ ለጥቂት ሰከንድ ያንጠለጥላችኋል፣ ፊታችሁ በቀጥታ መሬት እያየ። ከዚያ ይለቃችኋል። ከልጄ ጋር ተሳፍሬ የጮህኩት ያን ቀን ግሪፈን ላይ ነበር። ሎክ ነስ ሞንስተር ደግሞ ከ1978 ጀምሮ ያለ ቢጫ ነው፣ ሁለቱ ቀለበቶቹ እንደ ሰንሰለት የተቆላለፉ ናቸው። ለመጀመሪያ ጊዜ ተገልብጦ መሄድ ለሚሞክር አዋቂ እመክረዋለሁ።

ችግሩ ሦስት ነው። ሩቅ ነው፣ ሳይጨናነቅ ሁለት ሰዓት ተኩል ይነዳል፣ ስለዚህ አንድ ሌሊት ዊሊያምስበርግ ማደር ይሻላል። ካደራችሁ ደግሞ እንግሊዞች በ1607 የሰፈሩበት ጄምስታውን እዚያው ቅርብ ነው፣ ታሪክ ለሚወድ ሰው በማግሥቱ ግማሽ ቀን የሚሆን ነገር ነው። ሁለተኛ፣ ዳገትና ቁልቁለት አለው። ጉልበቱን ለሚያመው ሰው ባቡሩንና የሽቦውን መቀመጫ እያቀያየራችሁ ተጠቀሙ፣ ተሽከርካሪ ወንበርም ይከራያል። ሦስተኛ፣ የውሃ ፓርኩ ለብቻው ነው፣ በሌላ ትኬት። ልጆቻችሁ ውሃ ካልነኩ የማይሆንላቸው ከሆነ ሒሳቡን ከወዲሁ አስቡት።

ኸርሺ ፓርክ

ይሄኛው ሦስት ትውልድ ይዛችሁ ስትሄዱ ነው። ቸኮሌት የሠራው ሚልተን ኸርሺ በ1906 ለፋብሪካው ሠራተኞችና ለቤተሰቦቻቸው መናፈሻ ብሎ የጀመረው ነው፣ እና ያ ስሜት ዛሬም አልጠፋም። ከተማው ራሱ የቸኮሌት ነው። ቸኮሌት አቬኑ ላይ የመንገድ መብራቶቹ የኪስስ ቸኮሌት ቅርጽ አላቸው፣ ገና መኪና ውስጥ ሆነው ልጆቹ መቁጠር ይጀምራሉ። ከሲልቨር ስፕሪንግ ስትነሱ ሁለት ሰዓት ትንሽ ያልፋል፣ መንገዱም ከ95 ወደ ደቡብ ከሚሄደው ይልቅ የዋህ ነው።

ቁመት የሚለኩት በቸኮሌትና በከረሜላ ስም ነው። ከ36 እስከ 42 ኢንች ያለው ኪስስ ይባላል፣ ከ42 እስከ 48 ያለው ሪሲስ፣ ከ48 እስከ 54 ያለው ኸርሺስ፣ ከ60 በላይ ያለው ጆሊ ራንቸር። ትንሽ ነገር ትመስላለች። ግን «አትችልም፣ አጭር ነህ» ከሚባል ልጅና «አንተ ዘንድሮ ሪሲስ ነህ፣ የሪሲሶቹን እንፈልግ» ከሚባል ልጅ የትኛው ደስ ብሎት እንደሚውል እናት ታውቃለች።

በአንዱ ትኬት የውሃው ክፍልም ይገባል፣ ዙአሜሪካ የሚባለው የአራዊት መጠበቂያም ይገባል። ድብና ተኩላ ያለበት፣ ጸጥ ያለ፣ ከፓርኩ በድልድይ የሚሻገሩበት ቦታ ነው። እኔ ከሰዓት በኋላ 9 ሰዓት ላይ፣ ጭንቅላት በጫጫታ ሲሞላ፣ ወደዚያ ነው የምሸሸው። አጠገቡ ያለው ቸኮሌት ወርልድ ደግሞ መግቢያው ነጻ ነው። ቸኮሌት እንዴት እንደሚሠራ በሚሄድ ወንበር ላይ ተቀምጠው ያያሉ፣ ለእሱም አይከፈልም።

አንድ ነገር ላሳያችሁ። ፓርኩ ውስጥ በ1919 የተሠራ፣ የሚዞሩ የእንጨት ፈረሶች ያሉበት መጫወቻ አለ። እናቴ ከአዲስ አበባ በመጣችበት ዓመት አጠገቡ ስንደርስ ቆመች። ለደቂቃ አየችው። ከዚያ ነጠላዋን አጠፈችና ወገቧ ላይ ጠበቅ አድርጋ አሰረች። ባለቤቴ «እማማ፣ እዚያ አግዳሚው ላይ ቢቀመጡ አይሻልም? እሱም ይዞራል» አላት። «ለመቀመጥማ ቤቴ ወንበር አለኝ» አለችው። የመጫወቻው ሠራተኛ ፈረሱ ዝቅ እስኪል ጠብቆ ደገፋት። የናስ ዘንጉን በሁለት እጇ ጨብጣ መጀመሪያ ዓይኗን ጨፈነች። ሁለተኛው ዙር ላይ ከፈተች። ሦስተኛው ላይ አንድ እጇን ለቃ አውለበለበችልኝ፣ ወዲያው መልሳ ዘንጉን ያዘች። ያንን ፎቶ አዲስ አበባ ያሉ እህቶቼ ሁሉ ስልካቸው ላይ አላቸው።

ፍጥነት የሚፈልግ ሰውም አይከፋም። ካንዲሞኒየም 210 ጫማ ከፍታ አለው፣ ለስላሳ ነው፣ የተሳፈረበት ሰው ሲወርድ ፈገግ ይላል። ኮሜት የሚባለው የእንጨቱ ደግሞ ከ1946 ጀምሮ ያለ ነው፣ እሱ ይንቀጠቀጣል፣ አንገት ካመማችሁ እለፉት። ለማደር ካሰባችሁ ደግሞ ከዋናው ቀን በፊት ባለው ምሽት ለተወሰነ ሰዓት በዚያው ትኬት የሚያስገቡበት አሠራር አላቸው። ምሽቱ ቀዝቃዛ ነው፣ ሰልፉም ይቀላል። ትኬት ስትገዙ የዚያን ቀን ሰዓቱን እዩ።

ኦርላንዶስ?

ዲዝኒ ወርልድ በዚህ ንጽጽር ውስጥ አይገባም። አራት ፓርክ ነው፣ አውሮፕላንና ሆቴል ይፈልጋል፣ የአንድ ቀን ነገር አይደለም። ልጆቹ ስድስት ሰባት ዓመት እስኪሞላቸው ቆዩ፣ ገንዘቡን አጠራቅሙ፣ እስከዚያ እነዚህ ሦስቱ ይበቃሉ።

ተራ መያዝና መፈራረቅ

ብዙ ወላጅ የማይጠቀምበት አንድ ነገር አለ። ትንሽ ልጅ ይዛችሁ ሁለታችሁም መሳፈር ከፈለጋችሁ፣ አንዱ ሲሳፈር ሌላው ሕፃኑን ይዞ ይጠብቃል፣ ከዚያ ሁለተኛው እንደገና ከኋላ ሳይሰለፍ ይገባል። ሦስቱም ፓርኮች ጋ አለ። ዝም ብላችሁ ግን አታገኙትም፣ መጫወቻው መግቢያ ላይ ያለውን ሠራተኛ ጠይቁ። ሕፃን አዝላችሁም ቢሆን ቀኑ የእናንተም ይሆናል።

ሰልፍ የሚያስዘልል ተጨማሪ ክፍያም አለ። ኪንግስ ዶሚኒየን ፋስት ሌን ይለዋል፣ ቡሽ ጋርደንስ ክዊክ ኪው፣ ኸርሺ ፋስት ትራክ። ለቤተሰብ ሙሉ መግዛት ውድ ነው። በሥራ ቀን ከሄዳችሁ አያስፈልግም፣ ቅዳሜ ጁላይ ውስጥ ከሆነና ደግማችሁ የማትመጡ ከሆነ ግን ለታላላቆቹ ብቻ ልታስቡበት ትችላላችሁ።

ስለ ሰውነት። የደም ግፊት፣ የልብ፣ የአንገት ችግር ያለበትና ነፍሰ ጡር የሆነች እንዳይሳፈሩ በየመጫወቻው በር ላይ ተጽፏል፣ አንብቡት። እኔ ከአርባ በኋላ የሚያሽከረክሩትን ትቻለሁ፣ ወደ ታች የሚወድቁት ግን ምንም አይሉኝም። ብዙ እኩዮቼ እንደዚሁ ይላሉ። ስለዚህ «እኔ አልችልም» ከማለታችሁ በፊት የማትችሉት የቱን ዓይነት እንደሆነ ለዩት።

ምግብ፣ ጾምና ቀን መምረጥ

ፓርክ ውስጥ ያለው ምግብ ውድ ነው፣ ለጾመኛ ደግሞ ከድንች ጥብስ ብዙም አይርቅም። ምግብ ይዞ ስለመግባት የየፓርኩ ደንብ ይለያያል፣ ድረ ገጹ ላይ እዩት። እኛ የምናደርገው ኩለሩን መኪና ውስጥ ትተን እኩለ ቀን ላይ መውጣት ነው። ስትወጡ መመለስ እንደምትችሉ በሩ ላይ አረጋግጡ። አንድ ዓመት ፍልሰታ መሐል ሄደን ነበር፣ ከኦገስት 7 እስከ 21 ማለት ነው፣ የሙቀቱ አናት ላይ። እናቴ ማታውን ሱፍ ፍትፍት ሠርታ በረዶ ላይ አስቀምጣው ነበር። የመኪናውን ኋላ ከፍተን፣ ምንጣፍ አንጥፈን፣ ያንን ቀዝቃዛ ፍትፍት በእጃችን ስንበላ የልጆቹ ፊት ተመልሶ ሲቀላ አየሁ። ጭብጦና ዳቦ ቆሎ ደግሞ ኪስ ውስጥ ይገባል፣ ሰልፍ ላይ ያድናል። ሐላል ለሚፈልጉም ከቤት ይዞ መሄዱ ከሁሉ ይቀላል። ባዶ የውሃ ኮዳ አትርሱ፣ ውስጥ መቅጃ አለ።

ከቀን ከቀን ማክሰኞ፣ ረቡዕና ሐሙስ ይሻላሉ። ከወር ከወር ደግሞ እንቁጣጣሽ ሰሞን ያለውን እወዳለሁ። ልጆች ትምህርት ጀምረዋል፣ አየሩ ቀዝቀዝ ብሏል፣ ሰልፉ አጥሯል። ግን ያኔ ባብዛኛው ቅዳሜና እሁድ አካባቢ ብቻ ነው የሚከፍቱት፣ የውሃውም ክፍል ከሌበር ደይ በኋላ ብዙ አይቆይም። ኦክቶበር ማታ ማታ የሃሎዊን ማስፈራሪያ ስላለ ትንንሽ ልጆች ይዛችሁ ከሆነ ሳይመሽ ውጡ።

ትኬት በር ላይ አትግዙ፣ ኦንላይን ይረክሳል። ፓርኪንግ ለብቻው ይከፈላል፣ ሒሳቡ ውስጥ አስገቡት። ከ3 ዓመት በታች ያሉ በነጻ ነው የሚገቡት። በአንድ በጋ ሁለት ጊዜ እንሄዳለን የምትሉ ከሆነ የዓመቱን ፓስ አወዳድሩ፣ ፓርኪንግንም የሚጨምሩ አሉ፣ እና የሁለት ቀኑ ድምር ብዙ ጊዜ ከፓሱ ጋር ይቀራረባል። ጥሬ ገንዘብ የማይቀበሉ መሸጫዎችም ስለበዙ ለእናታችሁ ወይም ለአባታችሁ ብር ብቻ ሰጥታችሁ አትለዩዋቸው፣ ካርድ ይያዙ።

እንግዲህ እኔ እንዲህ ነው የምከፍላቸው። ከአሥራዎቹ ልጆች ጋር፣ ቀኑም አንድ ብቻ ከሆነ፣ ኪንግስ ዶሚኒየን። ባልና ሚስት ልጆቹን ይዛችሁ ራሳችሁም መተንፈስ ስትፈልጉ፣ አንድ ሌሊት ማደር ከቻላችሁ፣ ቡሽ ጋርደንስ። አያትና ሕፃን አንድ ላይ ካሉ ኸርሺ፣ ሳያመነቱ።

እናቴ ዘንድሮም ትመጣለች፣ ትኬቷ ተቆርጧል። የሰኔን ጾም ስለምትጾም ከሐምሌ 5 በኋላ፣ ፍልሰታም ሳይገባ፣ ጁላይ መጨረሻ ላይ ለኸርሺ ቀን ይዘናል። ማክሰኞ ነው ያደረግነው። ረቡዕ ቢሆን ቸኮሌቱ ያመልጣታል።